አርባ አንደኛዋ

መርፌ ቁልፉ የተከፈተው ሐሙስ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ባለበት ሰዓት ነው። የክሊኒኩ መስኮት ላይ ካርድ የምታወጣዋን ድንቡሼን፣ አንዲት እናት የልጃቸውን ዕድሜ እየነገሯት ሳለ ወገቧን አንድ ነገር ጠቅ አደረጋት። «እናቴ ድረሽ!» ብላ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሳ ዘፍ። ሴትዮዋ ልጃቸውን እንደታቀፉ «ዶክተር! ኧረ ዶክተር! ልጅቷ ልትሞት ነው!» እያሉ ኮሪደሩን በጩኸት አቀለጡት።

የምን መሞት! የሰፋትን ቀሚስ ከኋላ ሰብስባ ያያያዘችበት መርፌ ቁልፍ ነው የወጋት። ግን ይሄን ለማን ታስረዳ? ሃያ ሰው አፍጥጦ እያያት ቀሚሷን ገልጣ መርፌ ልታሳይ ነው? ወገቧን ይዛ ቁጭ አለች። እንዲያ ስትሆን ደግሞ የባሰ የታመመች መሰለች።

ድንቡሼ ያሏት በሽተኞቹ ናቸው። አሥራ አራት ዓመት እዚያች መስኮት ላይ ስትቀመጥ፣ ጉንጯ ሞልቶ፣ ክንዷ ሞልቶ፣ ሳቋም ሞልቶ፣ ማን በሌላ ስም ይጥራት? ዘጠና ስምንት ኪሎ ነበረች። አምና ታዲያ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሩ ራሱ የደሟን ውጤት ይዞ ጠራትና «ስኳር ደጃፍሽ ላይ ቆሟል፤ ካልቀነስሽ ይገባል» አላት። ቀነሰች። ጠዋት ጠዋት ከአውቶብስ ሁለት ፌርማታ ቀድማ እየወረደች በእግሯ ትሄዳለች። ማታ በልጇ የሕፃንነት ሳህን ትበላለች። ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት የጀመረች ሰሞን ፊቷን እንደ ኮሶ ጠጪ እያጨማደደች ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች። በዓመት ከሁለት ወር ውስጥ ሃያ አራት ኪሎ አወረደች። በላቧ!

ኪሎው ሄደ፤ ልብሱ ግን የት ይሂድ? የቀነሰ ሰው ልብሱን ካልቀየረ የሚመስለው ያማረበት ሳይሆን የታመመ ነው። ይሄን ማንም አስቀድሞ አልነገራትም። አዲስ እንዳትገዛ፣ ዛሬ የገዛችው በሁለት ወሩ ይሰፋታል፤ ደግሞስ በምን አቅሟ? ከባድ መኪና የሚነዳው ባሏ የሚልከውም የእሷም ደሞዝ ለልጃቸው ትምህርት ቤትና ለሚያፈሰው ጣሪያ ነው የሚሮጠው። እጇን አጣጥፋ ግን አልተቀመጠችም። የባሏን ነጭ ሸሚዝ እጅጌውን አሳጥራ ለበሰች። ከልጇ ቀበቶ ተዋሰች። የነጣውን ጉርድ ቀሚስ ጥቁር ቀለም ነከረችው። ጫማዋን በየማታው ትወለውላለች። የሚያያት ሰው ግን መክሳቷን እንጂ ጥረቷን አያይም፤ ትከሻዋ ላይ የሚንከረፈፈውን ልብስ እያየ ከንፈሩን ይመጥላታል። ቤትም ብትሄድ እናቷ አሉ፤ «ልጄ፣ አለቅሽብኝ እኮ፣ የደበቅሽኝ በሽታ አለ!» እያሉ በቆመችበት ይዳብሷታል።

ያን ሐሙስ ከሰዓት ዶክተሩ ቢሮው አስጠራት።

«ከሰኞ ጀምሮ ፎቅ ላይ የካርድ ማከማቻው ውስጥ ትሠሪያለሽ» አላት። «ጸጥ ያለ ነው። ታርፊያለሽ።»

«ደክሞኛል አልኩዎት እንዴ?»

«በሽተኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው አንቺን ነው። ሰሞኑን አይቶሽ ይደነግጣል። ትናንት አንዱ ‹የራሳቸውን ሠራተኛ ያላዳኑ እኔን ሊያድኑኝ ነው?› ብሎ ወጥቶ ሄዷል።»

«ቀንሺ ያሉኝ እርስዎ! ስቀንስ የሚደብቁኝም እርስዎ! ደሜንስ ባለፈው ወር አይተውት የለም? ንጹሕ ነው ብለው አጨብጭበውልኝ የለም?»

«እኔ አውቃለሁ። በሽተኛው ግን ደምሽን አያይም፤ የሚያየው አንቺን ነው።»

ይሄስ እውነቱን ነው። የካርድ ማከማቻው መስኮት የለውም። አቧራና ፋይል ነው፤ ግማሹ ፋይል ደግሞ የሞተ ሰው። ድንቡሼ ከሰው ጋር ካላወራች ቀኑ አይመሽላትም። እዚያ ከገባች ተመልሳ እንደማትወርድ ታውቃለች፤ ለዕረፍት ብሎ ከፊት የተነሳ ሰው ቦታውን ሲያገኝ አይታ አታውቅም።

«ሰኞን ይስጡኝ» አለችው። «ሰኞ እስከ ስድስት ሰዓት አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ‹አመመሽ ወይ?› ብሎ ከጠየቀኝ፣ የማከማቻውን ቁልፍ ተቀብዬ በገዛ እግሬ ፎቅ እወጣለሁ።»

«ማንም ካልጠየቀስ?»

«ካልጠየቀማ ይሄን ወሬ ሁለተኛ አያነሱብኝም።»

ዶክተሩ ሳቀ። የማከማቻውን ቁልፍ ከመሳቢያ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «በሬን ከፍቼ ነው የምውለው። እሰማለሁ» አላት።

ቅዳሜ በጠዋቱ ጥቁር ሰማያዊ ኮቷንና ጉርዷን በክንዷ አንጠልጥላ ጋሽ መቀስ ዘንድ ሄደች። ጋሽ መቀስ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ለቀልድ ነው፤ መቀስ ማንሳት ሞታቸው ነዋ! ልብስ አጥብቡልኝ ላላቸው ሁሉ ትርፉን ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፈው ይሰፉለታል እንጂ ንክች አያደርጉትም። ይህን ልብስ የሰፉላት እሳቸው ናቸው፣ መስኮቷ ላይ የተቀመጠች ዓመት። ደህና ሱፍ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ልብስ ኖሯት አያውቅም። በዚህ ዓመት ብቻ ሁለቴ አጥብበውላታል፤ ሁለቴም አጥፈው።

ሦስተኛውን እጥፋት በመርፌ አያይዘው መስታወት ፊት አቆሟት። ወገቡ ልክ መጥቷል። ጎንና ጎኗ ግን አብጧል፤ አራት ድርብ ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎበት ዳቦ ደብቃ የምትወጣ ሌባ አስመስሏታል።

«ቁረጡት» አለች።

«አልቆርጥም።»

«ጋሼ፣ ሰኞ እኮ ነው! እንዲህ ሆኜ ብቀመጥ አመመሽ ሳይሆን ምን አበጠብሽ ነው የሚሉኝ።»

ጋሽ መቀስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ስሚኝ ልጄ። እዚህ መኪና ላይ አርባ ሴት አጥብቤያለሁ። ሠላሳ ዘጠኙ ተመልሰው መጥተው አስፍቼላቸዋለሁ።»

«አርባኛዋስ?»

«እሷማ ነፍሷን ይማረው።»

ሳቋ አመለጣት። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ከሠላሳ ዘጠኙ አንዷ ደግሞ አንቺ ነሽ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ይህንኑ ልብስ አጠበብኩልሽ። በስድስት ወርሽ ‹ጋሼ፣ ትንሽ ያዘኝ› እያልሽ መጣሽ። ትርፉ ባይኖር ምን ትለብሽ ነበር? ረሳሽው?»

አልረሳችውም። እንዴት ይረሳል? ያኔ በዚያ በር ስትገባ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የልብስ መስፊያው መኪና አጠገብ ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ፈርታለች። ካለፈው ወር ወዲህ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ሌላ ደህና ልብስ የላትም። ይሄ ተቆርጦ ሰውነቷ ቢመለስ፣ የምትለብሰውም የምትመለስበትም የለም።

«ያኔ ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ነው የቀነስኩት» አለች ቀስ ብላ። «ለሠርጉ ተራብኩ፤ ሠርጉ አለቀ፤ በላሁ። አሁን ማንም አላገባም ጋሼ። ማለዳ በእግሬ ስሄድ ማንም አያየኝም። ዝናብ ሲዘንብም ሄጃለሁ። ሚዛኑ እንቢ ባለኝ በዚህ ወርም አንድ ቀን አላስታጎልኩም። ለሰው ዓይን የሚሆነው ልብሱ ነው፤ መቀነሱ ግን የራሴ ነው።»

«ሁሉም እንዲህ ይላሉ።»

«ይበሉ! እኔን ከሠላሳ ዘጠኙ ሰርዙኝና እንደ አዲስ ቁጠሩኝ። አርባ አንደኛ። በቁሟ ያለች።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ልብሱን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና በደረቅ ሳሙና ስባሪ ነጭ መስመር አሰመሩበት። መቀሱን አንስተው እጇ ላይ አስቀመጡላት።

«እጄ እሺ አይለኝም። አንቺው ቁረጪው።»

መስመሩን ተከትላ ጀመረች። የሱፉ ድምፅ ወፍራም ነው፤ ክርች፣ ክርች ይላል። ግራ ጎኑን ስትጨርስ ላብ አጠመቃት። ቀኙ ላይ ግን መቀሱ ቀለላት። ጋሽ መቀስ ትንፋሻቸውን ውጠው ቆመው ነበር፤ የመጨረሻዋ ቁራጭ ስትወድቅ እፎይ አሉ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እንግዲህ ከቆረጥሽ አይቀር እነዚህ ቁልፎችሽም አርጅተዋል» ብለው፣ ጫፍ ጫፋቸው የተሸረፈውን ስድስቱን ቁልፎች ፈትተው በዚያው በተቆረጠው ጨርቅ አለበሷቸው። ለቁልፎቹም ሰባራ ሳንቲም አልተቀበሏትም። ሰፍተው ሲጨርሱ ኮቱ ሱቅ መስታወት ውስጥ የተሰቀለ መሰለ።

ሰኞ መስኮቷ ላይ ተቀመጠች። ፀጉሯ ተይዟል፣ ሸሚዟ በካውያ ደርቋል፣ ኮቷ ትከሻዋ ላይ ልክክ ብሏል። የዶክተሩ በር እንደተባለው ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፤ ሰው ይመጣል፣ ካርድ ያወጣል፣ ይሄዳል። አራት ሰዓት ላይ አንዲት በየሳምንቱ ራሴን አመመኝ የምትል ነገረኛ ሴት መጥታ አፍጥጣ አየቻትና «ምነው!» አለች።

በዶክተሩ ክፍል ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ።

«ምነው እህቴ፣ እንዲህ የሚሰፋ ሰው ስታገኚ ለብቻሽ? የት እንዳሰፋሽው ንገሪኝ እንጂ!»

ንገሪኝ ካለችማ! የጋሽ መቀስን ቤት ግራ ቀኙን ሳታስቀር አስረዳቻት።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አንድ የድሮ ደንበኛዋ፣ ጡረተኛ መምህር፣ በከዘራቸው ኳ ኳ እያሉ ገቡ። ዓመት ከመንፈቅ ሌላ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ከርመው መምጣታቸው ነው። መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብለው አዩዋት፤ ወደ ውስጥ አሻግረውም አዩ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ድንቡሼ የለችም?»

ሰልፉ ላይ የነበሩት ዞር ዞር አሉ።

«ያቺ ሞላ ያለችው፣ ሳቂታዋ። ምነው፣ አመማት እንዴ?»

ተጠየቀ! ከዚያ ሁሉ ሰዓት በኋላ፣ ሩብ ሰዓት ሲቀር፣ ያቺው ቃል ከመምህሩ አፍ ወጣች። ዶክተሩ ቁልፉን እንደያዘ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ድንቡሼ አየችው፤ እሱም አያት። «እኔ ነኝ ጋሼ» ብትል ይቀል ነበር፤ ያኔ ግን «ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?» ይመጣል፤ የሰው ወሬ ደግሞ ከዚያ ነው የሚጀምረው። እጇን ኮቷ ላይ አሳረፈች። ጣቷ የላይኛውን ቁልፍ አገኘው፤ የራሷ ትርፍ ጨርቅ የተጠቀለለበትን።

«አላመማትም ጋሼ» አለች። «ሄዳለች።»

«ውይ! ወዴት? ትመለሳለች?»

«አትመለስም።»

ይህን ስትል ድምፅዋ ንቅንቅ አላለም። ራሷም ገረማት።

«እኔ ነኝ የተካኋት» ብላ ቀጠለች፣ እጇን ለካርዱ እየዘረጋች። «የግራ ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎ? ልጅዎ ደረጃ የሌለው ቤት አገኘች?»

መምህሩ ካርዳቸውን ሊሰጡ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ድምፅዋን ሰሙ፣ ዓይኗን አዩ፣ ኮቷን አዩ፣ እንደገና ዓይኗን። «ወይ የኔ ጉድ!» አሉና ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱት። «ወይ የኔ ጉድ፣ አንቺ ነሽ? ታዲያ ከእንግዲህ ማን ብዬ ልጥራሽ?»

«አርባ አንደኛዋ ይበሉኝ» አለችና ከቀነሰች ወዲህ መስኮቷ ላይ ስቃው የማታውቀውን፣ ያንን የድሮ ሳቋን ለቀቀችው። ሳቁ አልቀነሰም።

ዶክተሩ ቁልፉን ኪሱ ከተተና «ቀጣይ!» ብሎ ተጣራ። ሰልፉ ላይ ገና አራት ሰው ቀርቷል።