የሻማው ዙር

ሙኒር ሲስቅ ሪሀና አልሳቀችም።

ከሥራ ወጥተው ልደታ ፍርድ ቤቱ ማዶ ካለችው ጭማቂ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሪሀና ስልኳን ወደ እሱ አዙራ አንድ ፎቶ አሳየችው። ነጫጭ ምሰሶዎች ያሉት ትልቅ ቤት ደረጃ ላይ ስልሳ የሚሆኑ ሴቶች ነጭ ለብሰው ተደርድረዋል። በመካከላቸው ሂጃብ ያደረገች ቀጭን ልጅ አለች። ሪሀና ናት፤ አሜሪካ፣ አላባማ ለትምህርት በሄደች በሁለተኛው ዓመት።

"ስልሳ ሙሽሪት" አለ ሙኒር። "ሙሽራው የት ሄደ?"

"እህቶቼ ናቸው። የነገርኩህ ሶሮሪቲ፣ የሴት ተማሪዎቹ ማኅበር።"

ቀልዱን አልፋ ቀጠለች። ከመካከላቸው አንዷ ስትታጭ ለማንም አትናገርም። መብራት ጠፍቶ ሁሉም ክብ ሠርተው ይቆማሉ። ቀለበቷ በሪባን ሻማ ላይ ይታሰርና ሻማው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በመጀመሪያው ዙር ማንም ምንም አይልም። በሁለተኛው ዙር የታጨችው ልጅ ሻማው እጇ ሲገባ እፍ ትለዋለች፤ ሁሉም ያን ጊዜ ያውቃል።

"የስንቱን ሻማ ተቀብዬ አሳልፌያለሁ" አለች። "የእኔ ተራ ሳይደርስ ግን ወደ አገሬ መጣሁ። እንደምንም ብናደርገው ደስ ይለኛል።"

"ኬኩንስ ማን ይቆርሳል?" አለ ሙኒር፣ ሳቁንም ለቀቀው።

ሙኒር የተማረው በአሜሪካ ሰሜን፣ ሜይን በምትባል ብርዳም ግዛት፣ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ነው። እዚያ እንዲህ ያሉትን የወንድማማችና የእህትማማች ማኅበራት ኮሌጁ ከዘጋቸው ዘመን አልፏል፤ ተማሪው ስማቸውን የሚያነሳው ወይ ሲቀልድ ወይ ሲረግም ነው። የሀብታም ልጆች መጠጫ፣ አዲስ ገቢን ማዋረጃ፣ ጓደኛን በድምፅ ብልጫ መምረጫ ይሏቸዋል። ሪሀና በነበረችበት በደቡብ ደግሞ አያት የልጅ ልጇን ገና ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ "የየትኛው ቤት ልጅ ትሆኚ ይሆን?" እያለች ታጫውታታለች። እነዚህ ሁለቱ፣ ልደታና አብነት ተወልደው ያደጉ፣ ያንን የሰው አገር ጠብ በሻንጣቸው ይዘውት መጥተው ነበር።

"ጓደኛ በምርጫ ቦርድ" አለ ሙኒር ጨምሮ። ሳቁ ገና አልበረደለትም።

ሪሀና ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ቀለበቷን አወለቀችና ጭማቂው ብርጭቆ አጠገብ አስቀመጠችው።

"ይሄ አንተ ጋ ይቆይ። ላስብበት።"

"ሪሁ፣ እየቀለድኩ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ቤቴን ስታይ የሚመጣልህ ቀልድ ከሆነ ግን፣ ላስብበት።"

ሽማግሌ ተልኮ እሺ ተብሏል። ኒካው ከኢድ በኋላ ነው። ሙኒር ቀለበቱን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከትቶ እስከ ቤቱ በእግሩ ሄደ።

ሰሞኑን ለሚጽፍላት ሁሉ መልሷ "እሺ" ብቻ ሆነ። ከስድብ ይልቅ እንዲህ ያለ እሺ ይከብዳል።

እናቱ ሀሚዳ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። አብነት ካለው አሮጌ ቤታቸው ተነስተው ኮንዶሚኒየም ከገቡ ጀምሮ የሕንፃው ሴቶች እድር ሰብሳቢ እሷ ነች፤ በብሎኩ ውስጥ ሳታውቀው የሚያልፍ ነገር የለም።

"ልጅቷ ምን ሆናለች?" አለችው ራት ሲበሉ። "ድምጿ ጠፋ።"

"ሥራ በዝቶባት ነው።"

"ቀለበቱም ሥራ በዝቶበት ነው ከሸሚዝህ ኪስ የተገኘው? ልብሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ።"

ነገራት። ከፎቶው ጀምሮ እስከ ኬኩ አንድም አላስቀረም።

"ስልሳ እህት?" አለች እናቱ እጇን ከትሪው አንስታ። "አባቷ በከር፣ አላህ ይዘንለትና፣ ጨዋ ሰው ነበር።"

"ከእሱ አይደለም እማዬ። ተመራርጠው ነው እህት የሚባባሉት።"

"ተመራርጠው?" እናቱ ቃሉን ጥርሷ ላይ እንደገባ ድንጋይ አላመጠችው። "እኛ አገር እድሩ፣ ቅሬ የምንለው፣ ማንንም አይመርጥም። እዚያ ከተወለድክ ቅሬህ ነው። ቢጠላህም ይቀብርሃል።"

"እዚህስ? ዲንቄን አንመዘግብም ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም?"

ዲንቄ ከወለጋ የመጣች ልብስ ሰፊ ናት፤ ከእነሱ በር ቀጥሎ ያለውን ቤት ተከራይታ ትኖራለች። የእድሩ ሴቶች ግማሾቹ የለበሱት እሷ የሰፋችውን ነው።

"ዲንቄ ተከራይ ናት" አለች እናቱ። "ተከራይ ነገ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ይሄ ደግሞ የአዲስ አበባ እድር ነው፣ ደንብ አለው።"

"ያው መምረጥ ነው።"

"ክርክር ካማረህ ፍርድ ቤቱ ቅርብ ነው።" ወጡን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ። ለቅሶ ይደርሳሉ?"

"እነማን?"

"ስልሳዎቹ።"

የሪሀና አባት ሲያርፉ እሷ አላባማ እንደነበረች ሙኒር ያውቃል። "ያን ሳምንት ብቻዬን አልነበርኩም" ብላውም ነበር፣ አንድ ጊዜ። ከማን ጋር እንደነበረች አልጠየቃትም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሪሀና ወደምትሠራበት ትርጉም ቤት ሄደ። የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሊያስተረጉሙ ከመጡ ሰዎች ጋር አግዳሚው ላይ ተራ ይዞ ተቀመጠ። ሪሀና በመስታወቱ አየችው፤ ወዲያው አልወጣችም፤ እሱም ተራውን አልዘለለም።

"ምን ልታስተረጉም መጣህ?" አለችው ተራው ደርሶት ሲቆም።

"አንድ ጥያቄ። አባትሽ ያረፉ ጊዜ አብሮሽ ማን ነበር?"

ብዕሯን አስቀምጣ ወደ ውጭ ይዛው ወጣች። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

"በስልክ ነው የተነገረኝ" አለች። "ክፍሌ ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አንዷ ገባች፤ ምን እንደሚባል አታውቅም። አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሌላዋ መጣች። ሲመሻሽ ኮሪደሩ ሁሉ ሞላ። እነሱ አገር እኮ ለቅሶ አይቀመጡም፣ ካርድ ነው የሚልኩት። እኔ ስለተቀመጥኩ ነው የተቀመጡት። አንዷ ሙስሊም ሲሞት ምን እንደሚደረግ አንብባ ተምር ይዛ መጣች። ቅዳሜው ደግሞ ትልቅ ኳስ ነበረ። አላባማ ላይ የኳስ ቅዳሜ ማለት፣ እዚህ የደርቢ ቀን በለው፣ አሥር እጥፍ። መንገዱ በሙዚቃ ሲናወጥ የእኛ ቤት ብቻ ዝም አለ። ማንም አላዘዛቸውም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ልነግርህ ስል ኬክ ጠየቅከኝ።"

ሙኒር መሬት መሬት አየ።

"ቅዱሳን ናቸው አላልኩህም" አለች። "በምርጫው ቀን በር የተዘጋባቸው ልጆች አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። የምትጠላው ነገር እውነት ነው፤ ግን እውነቱ እሱ ብቻ አይደለም።" ወደ እሱ ዞረችና "አንተስ? አክስትህ ነስሪን ያረፉት እዚያ ሳለህ አይደል? ምን አደረግክ?"

"ላይብረሪ ሄድኩ።"

"ከማን ጋር?"

"ላይብረሪ ከማን ጋር ይኬዳል?"

ያን ቀን በረዶ ነበር። ሙኒር እስኪዘጋ ድረስ አንድ ገጽ ላይ እንዳፈጠጠ ቆይቶ ነው የወጣው። ኮሌጁ ውስጥ ከሌሎቹ ልጆች ጋር አብሮ ያደረገው ነገር ምን እንደነበር ሲያስብ፣ ትዝ የሚለው በእነዚያ በተዘጉ ቤቶች ላይ አብሮ መሳቁ ነው። ሲስቁ ይስቃል፤ ሳቁ ሲያልቅ ወደ ክፍሉ ይሄዳል።

"ለሻማው ምን ምን ያስፈልጋል?" አላት።

ፊቱን አየችው፤ ዳግመኛ እየቀለደ እንደሆነ መረመረችው።

"ሻማ። ሪባን። ቀለበቱ አንተ ጋ ነው።" ከዚያ ወደ በሩ እየተመለሰች፣ "እህቶች" አለች።

እናቱ ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ ሻርፗን አስተካከለች።

"ሻማ ለእኛ መብራት ሲሄድ ነው።"

"አንድ ቀን መብራት ሳይሄድ ይብራ።"

"ይብራ። እፍ ማለቱስ? የሙሽሪት መብራት ይበራላታል እንጂ ይጠፋባታል? የሴቶቹን አፍ ማን ይይዝልሃል?"

"እሱን አላውቅም እማዬ።"

"እኔም አላውቅም። እሁድ ከስብሰባው በኋላ አምጣት።"

እሁድ የእድሩ ሴቶች በሕንፃው የጋራ ቤት ስብሰባቸውን ጨረሱ። ሀሚዳ መጋረጃውን አስዘግታ መብራቱን አስጠፋች። ጥግ ላይ ባለው ቡታጋዝ ላይ ሻይ ተጥዷል፤ እሳቱ ገና አልተለኮሰም። ሙኒር ወንድ ነውና ከተከፈተው በር ወዲያ እንዲቆም ተነገረው። ዲንቄም ብርጭቆ አውሳቸው ስለነበር ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

ሪሀና ሥርዓቱን አስረዳች። "የታጨችው ማን እንደሆነች ማንም ማወቅ የለበትም" ስትል ሴቶቹ ተያዩ።

"እንኳን እኛ የግቢው ዘበኛም ያውቃል" አለች አንዷ።

"በሉ እንዳላወቃችሁ ሁኑ" አለች ሀሚዳ።

ሻማው ተለኮሰ፤ ቀለበቱ በሪባኑ ላይ ተንጠለጠለ። መጀመሪያ እየሳቁ ተቀባበሉት። ከጥቂት እጅ በኋላ ሳቁ ቀረ። እያንዳንዷ ሴት ነበልባሉን በመዳፏ ከልላ ለቀጣይዋ ስታሳልፍ፣ የሙኒር አይን የሚያየው አንዲት ቆንጆ ልጅ እንጂ ጎረቤቱን አልነበረም። ዙሩ በሩ ጋ ሲደርስ ሻማውን የያዘችው ሴት ቆመች። ቀጥሎ ያለችው ዲንቄ ነበረች።

ዲንቄ ወደ ኋላ አለች። "እኔ እድርተኛ አይደለሁም፣ እትዬ።"

ሪሀና ወደ ሀሚዳ ተመለከተች፤ አንገቷን እንኳ አላንቀሳቀሰችም፤ ተመለከተች ብቻ። ሙኒር ያንን አይን ያውቀዋል። ጭማቂ ቤቱ በረንዳ ላይ አይቶታል።

"ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሰሙ እየፈሰሰ" አለች ሀሚዳ። "ትሪውን አስቀምጪና ያዢው። ሙኒር፣ ትሪውን ተቀበላት።"

ዲንቄ በሁለት እጇ ተቀበለች። ሻማው ዙሩን ጨርሶ ሁለተኛውን ጀመረ፤ ሪሀና እጅ ሲገባ ቆመ። ከንፈሯን ልታሞጠሙጥ ስትል ሴቶቹ በአንድ ድምፅ፣ "ኧረ እንዳታጠፊው" አሉ። ሪሀና ቀና ብላ አየቻቸው። ትንፋሿን ያዘች።

ሀሚዳ ከቦታዋ ወጣች።

"እኛ አገር እሳት አይጠፋም" አለች። "ለጎረቤት ይጫራል። ነይ፣ ልጄ።"

ክንዷን ይዛ ወደ ቡታጋዙ ወሰደቻት፤ ቁልፉን ከፈተችና የሻማውን ነበልባል አስጠጋችው። ሰማያዊው እሳት ከሻዩ ድስት ሥር ዙሪያውን ያዘ።

"በይ አሁን እፍ በይው። እሳቱ ቤት ገብቷል።"

ሪሀና እፍ አለችው። ለአፍታ የሚታየው የቡታጋዙ እሳት ብቻ ሆነ። ከዚያ እልልታው ጣሪያውን አናጋው፤ ዲንቄ ከሁሉም በላይ ታስነካው ነበር።

ሻይ ሲቀዳ ሪሀና ሪባኑን እየፈታች ወደ በሩ መጣች። ቀለበቱ መዳፏ ላይ ነው፤ ሰም ተጣብቆበታል።

"ገና ትኩስ ነው" አለች።

ሙኒር ትሪውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ እፍ አለበት። እሷም ከወዲያ በኩል እፍ አለች። ቀና ሲሉ ግንባራቸው ሊጋጭ ትንሽ ቀረው።

"ኬኩስ?" አለች ሪሀና፣ ቀድማም ሳቀች።