የሰዓት ሠሪው ዕዳ

ሰዓት ሠሪው ሲሞት የደንበኞቹ ሠላሳ አራት ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት፤ የሰው ንብረት ቤቷ ካደረ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት። ሐዘኑ ገና ሳይበርድላት ማስታወቂያ አጻፈች። የባሏን ስም እስከ አያቱ፣ የሞተበትን ቀን፣ የሱቁንና የቤቱን ቁጥር፣ የራሷን ስልክ አስገባችበት። ከታች ደግሞ፣ እኔን ካጣችሁ ጎረቤታችን ካለችው ክር ሻጭ ሰዓታችሁን ውሰዱ ብላ አከለች። መንገድ ዳር ያለ ምሰሶ አንድ አልቀራትም፣ ሁሉም ላይ ለጠፈችው። በወሩ ሰዓቶቹ በሙሉ ለባለቤቶቻቸው ደረሱ። እንዲህ ካለ ታማኝነት ምን ክፉ ነገር ይመጣል ትሉ ይሆናል። መጣ እንጂ።

ሟቹን ሰፈሩ «ሰከንድ» ይለው ነበር፤ ከቀጠሮው አንዲት ሰከንድ አያሳልፍምና። ሌላም ጠባይ ነበረው፤ ቀኝ እጁ የሰጠውን ግራ እጁ አያውቅም። ለቅሶ የመጡ ሰዎች አንዱ የቤት ኪራዬን ከፍሎልኛል፣ ሌላው ልጄን አሳክሞልኛል እያሉ ሲያለቅሱ ሚስቱ ኮራችበት። ኩራቷ ግን ትንሽ ቅሬታ ነበረበት። ሠላሳ ዓመት አብራው ኖራ የገዛ ባሏን ደግነት ከባዳ አፍ ትስማ? ይህን ቅሬታ ለማንም አልተናገረችም፤ ሆዷ ውስጥ አስቀመጠችው።

በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት እጅጌ ስትገጥም ስልኳ ጠራ። ደዋዩ ትሑት ነው፤ ከጀርባው የሰዎች ድምፅና የኮምፒዩተር ቁልፎች ኳኳታ ይሰማል። ከመንግሥት ብድር ማስመለሻ ቢሮ ነው የምደውለው አለ። የባሏን ስም እስከ አያቱ ጠራላት፤ የሞተበትን ቀን፣ የሱቁንና የቤቱን ቁጥር አንድ በአንድ ነገራት። እሷ ደግሞ በሜትር ያልለካችውን የማታምን፣ ልኩ ከገጠመላት በኋላ ግን መቀሷን ለማንሳት የማታመነታ ሰፊ ናት። ቁጥሩ ሁሉ ገጠመላት። ባለቤትዎ ብድር ወስደው ሳይከፍሉ ነው የሞቱት ሲላት፣ ሆዷ ውስጥ ያስቀመጠችው ቅሬታ ብድግ አለና አመነለት። ሰከንድ ያልነገራት ስንት ነገር አለ!

«ዋስ ሆና የፈረመችላቸው ጎረቤታችሁ ክር ሻጯ ናት» አለ ሰውየው። «በእናንተ መካከል ያለውን ነገር አላውቅም። እስክንጨርስ ድረስ ግን ስለ ዕዳው ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉ። ከወጣ የባለቤትዎ ስም በአደባባይ ይለጠፋል፣ እርስዎም ይታሰራሉ።»

ደብዳቤ ላኩልኝ ብትለው ያ ሁሉ ትሕትና በአንዴ ጠፋና ፖሊስ ይዞልዎት ይምጣ ወይ ብሎ ጮኸባት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። ደዋዩ በነገራት ግለሰብ ስም ሦስት ጊዜ ባንክ ገንዘብ አስገባች። የባንኩ ሠራተኛ ለምን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ ሰውየው ባስጠናት መሠረት፣ ለታመመች እህቴ ነው አለች። ለሦስተኛው ክፍያ የባሏን ጠረጴዛ ከነወረንጦው፣ ከነማጉያ መስተዋቱ ሸጠች። ገዢው ጭኖ ሲወስደው ወደ በሩ ዞር ብላ አላየችም።

ዕዳ ከሜዳ ማለት ይሄ ነው። ግን ገንዘቡ አልነበረም ያቃጠላት። ክር ሻጯ በቀብሩ ቀን ከዘመድ በላይ አልቅሳ ነበር፤ ያ ለቅሶ አሁን ሌላ መልክ ያዘ። ሴት ለባዳ ወንድ በነጻ ትፈርማለች? አንድ ከሰዓት በኋላ ሰፊዋ ክር ሻጯ ሱቅ ገባች። ስለ ዕዳው እንዳትናገር ተከልክላለችና ዕዳ የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም።

«አንቺና እሱ የምታውቁትን እኔም አውቄዋለሁ» አለቻት በሦስት ገበያተኞች ፊት። «ጨዋ መስለሽኝ ነበር።»

ክር ሻጯ የያዘችው ክር ከእጇ ወደቀ። አንድ ቃል አልመለሰችም። ሰፊዋም ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረችው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ ያወራው ጀመር፤ የክር ሻጯ ደንበኞችም ክር የሚገዙት ሌላ ቦታ ሆነ። ሰፊዋ የባሏን ፎቶግራፍ ከግድግዳ አወረደች። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ስትል የኖረች ሴት መቃብሩ ድረስ ሄዳ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሚስትህ አይደለሁም፣ እንዳላገባሁህ ይቆጠር ብላው ተመለሰች። ሁለት ወር ሙሉ ደግማ አልሄደችም፤ አላለቀሰችለትምም።

ዕዳውን ከጨረሰች የመጨረሻ ወረቀት ይገባታል። ወረቀቱን ልትጠይቅ ብትደውል ደዋዩ ስልኩን ዘጋባት። እሷም ደህና ቀሚሷን ለብሳ ብድር ማስመለሻ ቢሮው ድረስ ሄደች። የመዝገብ ሠራተኛዋ ስሙን ሁለቴ ፈለገች፤ ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

«እናቴ፣ ባለቤትዎ እኛ ጋ ምንም ዕዳ የለባቸውም። ኖሮባቸውም አያውቅም።»

እንዴት ሊሆን ይችላል ብላ ሙግት ገጠመች። ልጅቱ በትዕግሥት አስረዳቻት። እኛ በደብዳቤ ነው የምናሳውቀው፤ ቀን እንሰጣለን፤ ይግባኝ ይባላል፤ የሚከፈለው እዚያ መስኮት ነው፣ በደረሰኝ። በግለሰብ ስም አስገቢ፣ ዛሬውኑ ክፈይ፣ ለማንም አትንገሪ የሚል ሌባ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ እንጂ ነገሩስ ግልጽ ነበር።

«ታዲያ ዋስ ናት ያላትን ጎረቤቴን በምን አወቀ?» አለች ሰፊዋ።

ልጅቱ መልሳ እሷኑ ጠየቀቻት፤ የእናንተን ነገር የሚያሳይ ወረቀት የሆነ ቦታ ትተው ይሆን? ሰፊዋ የለም ልትል አፏን ከፈተችና ቆመች። ከዚያ ማስታወቂያውን በቃሏ ማለት ጀመረች፣ ስሙን፣ ቀኑን፣ ቁጥሮቹን። ክር ሻጯ የተጠቀሰችበት መስመር ላይ ስትደርስ ገባት። በገዛ እጇ ምሰሶ ላይ የለጠፈችውን ነው ሌባው ያነበበላት።

ከዚያ ቀጥታ የሄደችው ክር ሻጯ ጋ ነው። የሰደበቻት በሰው ፊት ነውና ሰው እስኪገባ በር ላይ ጠበቀች፤ ሁለት ሴቶች ሲገቡ ተከትላ ገብታ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ ዋስትናው፣ ስለ ክልከላው አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ይቅር በዪኝ ብላ ልትንበረከክ ስትል ክር ሻጯ ክንዷን ያዘቻት።

«ዕዳ ብለሽ ብትጠሪልኝ፣ የምን ፊርማ እልሽ ነበር፤ እዚያው ያልቅ ነበር» አለቻት። እሷም እያለቀሰች ነው። «እኔስ ይቅር ብዬሻለሁ፣ እህቴ። አፍ አለኝ፤ ዝም ያልኩት ደንግጬ ነው። እሱ ግን ምን ብሎ ይመልስልሽ?»

ሰፊዋ እዚያው ከክሩ ካርቶኖች መካከል መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሁለት ወር የከለከለችውን ለቅሶ ለባሏ አለቀሰችለት።