ሁለት ጊዜ የተላጠው ቁም ሳጥን

ነጩ ቀለም እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ከጥፍሯ ጫፍ ጋር ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ ልጣጩን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። ትናንት የቀባችው የቁም ሳጥኑ በር ነበር። ከትናንት ወዲያ የቀባችው ጎኑም እንዲሁ ተልጦ ስለነበር ለዛሬ የሚሆን አዲስ እርግማን አልቀራትም።

እናቷ በረንዳው ላይ ዱካ ስባ ተቀምጣለች። "ቀለሙ አልወደደውም መሰለኝ" አለች፣ ለቅሶ እንደደረሰ ጎረቤት ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

እናትየው ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቃ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ብቻዋን መኖር አልሆነላትም። ቁም ሳጥኔ አብሮኝ ከመጣ ብላ ልጇ ቤት ለመግባት ተስማማች። የልጅቱ ባል፣ አንዴ ሶኬት ሲጠግን የሰፈሩን መብራት በማጥፋቱ ዘመድ ሁሉ "ኢንጂነሩ" የሚለው ሰው ነው። አማቱን በደስታ እንደሚቀበል፣ ያን ጥቁር ግንድ ግን ሳሎኑ ውስጥ ማየት እንደማይፈልግ ተናገረ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ነጭ ተቀብቶ ከግድግዳው ጋር ከተመሳሰለ ይግባ ተባለ። የጭነት መኪናው ቅዳሜ ይመጣል።

ለቀለም ሻጩ ደወለች። ሻጩ ቀለሙ ላይ ምንም ጥፋት እንደሌለ በረጅሙ ካስረዳ በኋላ፣ እንጨቱን ዘይት ነክቶት እንደሆነ ጠየቃት። ስልኩን ሳትዘጋ ወደ እናቷ ዞረች።

"እማዬ፣ ይሄን ነገር ዘይት ታስነኪዋለሽ እንዴ?"

"ታዲያስ! ሁልጊዜ በምግብ ዘይት ነው የምወለውለው። እንዲህ የሚያበራው በምን መሰለሽ?"

"ሰሞኑንስ?"

"ሰሞኑንማ ጠዋት ጠዋት። አንቺ ልትቀቢው እየመጣሽ ቆሽሾ ይጠብቅሽ?"

ሻጩ ከስልኩ ውስጥ "እግዜር ይርዳሽ እህቴ" ብሎ ዘጋው።

ልብስ ሰፊዋ ግማሽ ዕድሜዋን ሌላ ሰው ያበላሸውን ስፌት ስትተረትር የኖረች ናትና አልተናደደችም። ውሃ አፈላች፣ ዱቄት ሳሙና በተነችበትና ማሸት ጀመረች። የታሸውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገችው። አንዱ ትከሻዋ ሲዝል እጅ ቀየረች። ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ጠቆረ። እናትየው የዕድሜ ልክ ውልወላዋ በባልዲ ሲደፋ ማየት አቅቷት ወደ ውስጥ ገባች፤ ወዲያው ደግሞ ተመልሳ ወጣች።

"በቃ ተይው። እዚሁ እቀራለሁ።"

"እንደገና ትወድቂያለሽ።"

"ብወድቅም ቤቴ ነው።"

ልጅቱ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጣለችው። "እውነቱን ንገሪኝ። መምጣት አትፈልጊም?"

እናትየው መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። "እፈልጋለሁ። ግን ዕቃዬ ግድግዳ መስሎ ከቆመ፣ እኔ ምን መስዬ ልቀመጥ ነው?"

ያ ስምምነት ሳሎን ውስጥ ሲነገር የሰለጠነ ነገር ይመስል ነበር። እዚህ በረንዳ ላይ ሲሰማ ግን ሌላ ሆነ።

"ምን ዓይነት ይሁንልሽ ታዲያ?"

"ቀይ።"

"ቀይ?"

"ደማቅ ቀይ። የመጣ ሰው ሁሉ ይሄ የማነው ብሎ እንዲጠይቅ።"

ልብስ ሰፊዋ ያልተከፈተውን የነጭ ቀለም ቆርቆሮ ይዛ በቀይ ልትለውጠው ወደ ሻጩ ሄደች። ሻጩ ለቁም ሳጥን ቀይ ሸጦ እንደማያውቅ ነገራት፤ ከዛሬ ጀምሮ እንደሚያውቅ ነገረችው። ስትመለስ እናትየው እጅጌዋን ሰብስባ የቀረውን ጎን ታሻለች፤ ጉልበቷን ላየ ሰው፣ ወደቀች የተባለችው እሷ ሳትሆን መታጠቢያ ቤቱ ይመስላል።

አመሻሽ ላይ ኢንጂነሩ ደውሎ ነጩ አምሮ እንደሆነ ጠየቀ።

"ነጭ አይደለም። ቀይ ነው።"

ባሏ ሶፋው ግራጫ መሆኑን፣ መጋረጃውም ግራጫ መሆኑን፣ ሰውም የሚለው ነገር እንደማያጣ አስታወሳት። እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቀችው።

"ከፊት ለፊት ያለውን ቲቪ ወደ ጎን አዙረው" አለችው። "በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ቁም ሳጥኑ ይሆናል።"

ስልኩን ኪሷ ከተተችና ብሩሹን ቀዩ ውስጥ ነከረች።