ባለፈው ሳምንት ከማን ጋር ተጫወትን

እና መብራቱ ለምን ሁለት ሆነ፣ እዚህ ክፍል ያለው አምፖል አንድ ነው፣ ዳርሲ ሃሎራን ስንት ዓመት ሙሉ ቁርጭምጭሚቱን የሚያሳስርበት አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ ጣሪያውን ያያል፣ አንድ ነው፣ አንድ መሆኑን ያውቃል፣ ዓይኑ ነው እንቢ ያለው። ከበላዩ ጥላ ፎቁ ይንጫጫል። ለእኛ ነው ለነሱ? ዛሬ ግማሽ ፍጻሜ ነው፣ ይሄ አልጠፋውም፣ ዛሬ ያሸነፈ የሚመጣው ቅዳሜ ለዋንጫ ይጫወታል፣ ዳርሲ ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን ለፍቶ ለዋንጫ ተጫውቶ አያውቅም፣ አንዴም፣ ጉልበቱ ተከፍቶ ተሰፍቶ፣ እንደገና ተከፍቶ፣ ከዘንድሮ በኋላ ማን ያስፈርመዋል፣ ማንም። ወይ ዘንድሮ ወይ መቼም።

ኳሷ ከፍ ብላ ነበር፣ እሷን ያስታውሳል፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቷት ሞላላዋ ኳስ ሰማይ ላይ እየተገለባበጠች በራሱ ላይ ስታልፍ፣ እሱም አንጋጦ አብሯት ሲሮጥ፣ ከፊቱ ማን እየመጣ እንደሆነ ሳያይ። እንዲህ ሲሮጥ ፊት ለፊት ማየት የለም። ያየ ሰው ፈሪ ይባላል፣ ስሙ እስከ ጡረታው ይከተለዋል፣ ዳርሲ ደግሞ አይቶ አያውቅም፣ በዚህ ነው እንጀራውን የበላው፣ ጎል እንደሆነ የሚያገቡት ሌሎች ናቸው፣ የሱ ሥራ ከኋላ ሆኖ ዓይኑን ሳይነቅል መሮጥ ነው። ከዚያ የአንድ ሰው ጉልበት ራሱ ላይ። ከዚያ ሣር። ከዚያ የመርቭ ሽታ።

መርቭ። የማሻሻ ቅባትና የከረሜላ ሽታ፣ ሰባውን ያለፈ ወጌሻ፣ ኪሱ ውስጥ የሚለጠጥ እባብ መሳይ ከረሜላ የማይጠፋ፣ ለተጎዳ አንድ፣ ላገባ አንድ፣ ለተሳደበ ሁለት። ዳርሲ ከስንዴው አገር በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሲመጣ፣ ከተማውን ፈርቶ አውቶቡስ እንኳ መሳፈር ሲያቅተው፣ ቤቱ የወሰደው መርቭ ነው፣ የኋላ ክፍላቸው ውስጥ ሁለት ክረምት አደረ፣ ጆይስ፣ ሚስቱ፣ የበግ ጥብሱን እየቆረጠች ይሄ ልጅ ሆዱ ተቀዶ ነው እንዴ ትላለች፣ መርቭም ተይው አጭሬ እያደገ ነው ይላል። አጭሬ። በር ሲገባ ጎንበስ የሚለውን ሰው አጭሬ ማለት እዚህ አገር ፍቅር ነው። ይወደዋል መርቭን፣ ከአባቱ እኩል ይወደዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ይበልጥ፣ አባቱ በሚሰማበት ግን ይህን አይልም።

ዶክተር ሱጃታ በሩ ላይ ቆማ በሬዲዮዋ ለአሰልጣኙ ትናገራለች፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ገና አልጠየቅሁትም። ራሱን የተመታ የሚጠየቃቸውን ጥያቄዎች የማያውቅ የለም። የት ሜዳ ነን፣ የጨዋታው ስንተኛ ሩብ ነው፣ መጨረሻ ያገባው ማነው፣ ባለፈው ሳምንት ከማን ጋር ተጫወታችሁ፣ አሸነፋችሁ? የሳተ ዛሬ አይመለስም፣ በሕጉም የሚመጣውን ቅዳሜ አይጫወትም። ዋንጫው እንግዲህ እዚያ ላይ ተንጠልጥሏል፣ በዚች ቀጭን ሴት ጥያቄ ላይ።

ለዚህም ነው መርቭ የሚያንሾካሹከው። ልማዱ ነው፣ የተጎዳውን ብብቱ ሥር ደግፎ በዋሻው መንገድ ሲያወርድ መልሱን ጆሮው ውስጥ ይጨምርለታል፣ ሁሉም ልጆች ያውቃሉ፣ ማንም አያወራም፣ ዳርሲም ቀደም ብሎ በዚህ አልፏል፣ እግዜር ይስጥህ ብሎ ተመልሶ ገብቷል። አሁንም አልቀረም። ስማኝ አጭሬ፣ ሦስተኛው ሩብ ነው፣ መጨረሻ ያገባው ኬልቪን ነው፣ ባለፈው ሳምንት የወደብ ሰፈሮቹን በአራት ነጥብ ረተናል፣ በዚያ ዝናብ፣ በቃ ይህን በላት፣ አትፍዘዝባት።

ኬልቪን። ኬልቪን አገባ። የወደብ ሰፈሮቹን ረተናል።

ኬልቪን ማነው?

ቆይ። ኬልቪን ኮሪደሩ ላይ ፎቶው አለ፣ ሪዛም፣ እጅጌው ረዥም፣ ዳርሲ ሳይወለድ ጫማውን የሰቀለ ሰውዬ፣ አሁን ባላራት ከተማ ውስጥ ጎማ ይሸጣል። ደግሞ የምን ዝናብ፣ ባለፈው ሳምንት ፀሐይ ነበር፣ ሸሚዜን አውልቄ የመርቭን ሣር አጨድኩለት እኮ፣ ቅዳሜ ነበር፣ ቅዳሜ ቀን ምን ልሠራ እነሱ ቤት ሄድኩ፣ አዎ፣ አልተጫወትንም፣ የማጣሪያውን የመጀመሪያ ጨዋታ ስላሸነፍን የዕረፍት ሳምንት ነበር። ከማንም ጋር አልተጫወትንም። ጭንቅላቱ ውስጥ የሆነ መስኮት ተከፈተ፣ ሁሉም ነገር በዚያ ገባ፣ ጆይስ እቃ እያጠበች ድምጿን ዝቅ አድርጋ መርቭ ከሱቅ ሲመለስ መንገዱ ጠፋው እኮ ስትለው፣ ሁለተኛ ጊዜው ነው ስትለው፣ እሱም አርጅቷላ ብሎ ሲስቅባት። እሷ አልሳቀችም ነበር። ክረምት ላይ ደግሞ መርቭ የዳርሲን ጤነኛ እግር አስሮለት መልበሻ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ መርቭም አብሮ ሳቀ፣ ግን ከነሱ ትንሽ ዘግይቶ።

መርቭ በየዓመቱ የክለቡ እራት ላይ የሚያወራት ጨዋታ አለችው፣ እሱም ለዚሁ ክለብ ተጫውቷል፣ ራሱን ተመትቶ ወድቆ፣ በእርጥብ ስፖንጅ ፊቱን አብሰው ግባ ብለውት፣ ገብቶ ወደ ራሱ ጎል ሲሮጥ፣ ዞር በል ብለው አዙረውት ደግሞ ጨዋታው እስኪያልቅ አላወጡትም። ያኔ ሐኪማችን የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ነበር ይላል። ሰዉ ጠረጴዛ እየደበደበ ይስቃል። ዳርሲ በየዓመቱ ስቋል። አሁን አላሳቀውም።

ዳርሲ፣ ትላለች ሱጃታ፣ እየሰማኸኝ ነው? ከፊቱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከኋላዋ መርቭ ቆሟል፣ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ አይዞህ በሚል ፊት፣ ያ ደግ ፊት።

ባለፈው ሳምንት ከማን ጋር ተጫወታችሁ?

ያውቀዋል። ጉድ እኮ ነው፣ መርቭ ባይሳሳት ኖሮ አያስታውሰውም ነበር፣ አሁን ግን ያውቀዋል፣ ዕረፍት ላይ ነበርን ቢላት ታሳልፈዋለች፣ መጨረሻ ያገባውን በግምት ይመታል፣ ከዚያ ደረጃውን ይወጣል፣ ከዚያ ቅዳሜ፣ ዋንጫው፣ አባቱ ከትራክተሩ ወርዶ ከተማ ይመጣል። ግን መብራቱ ሁለት ነው። አሁንም ሁለት ነው። እስከ ስንት ዓመቴ ነው የቤቴን መንገድ የማገኘው፣ መቼስ ነው እኔም ኮሪደር ላይ ያለ ፎቶ አገባ የምለው። ቅዳሜን ይፈልጋል፣ እንደ ውሃ ይፈልጋል።

አላውቅም፣ ይላል። ሱጃታ፣ አላውቅም። መብራቱም ሁለት ነው።

ነገርኩህ እኮ፣ ይላል መርቭ ጮክ ብሎ፣ አሁን ነገርኩህ አይደል እንዴ፣ ምን ነካህ አጭሬ፣ የወደብ ሰፈሮቹን።

ሱጃታ ዞራ አየችው። ከዚያ ዳርሲን አየችው፣ ገብቷታል፣ ብልህ ሴት ናት። ዳርሲ እንባው መጣ፣ ለዋንጫው ይሁን ለመርቭ አይለይም፣ አይጠርገውም፣ ይምጣ። እሱንም ጠይቂልኝ፣ ይላታል። ከኔ በኋላ።

እኔን? መርቭ ይስቃል። እኔ የምን ተጫዋች ነኝ፣ ልጁ እውነትም ተመቷል።

ባክህ ተቀመጥ መርቭ፣ ብቻዬን ደበረኝ። መርቭም እሺ፣ እሺ ይላል፣ አጠገቡ አልጋው ላይ ይቀመጣል፣ ለዳርሲ ሲባል መርቭ የማይሆነው የለም፣ ትከሻው ትከሻው ላይ ያርፋል፣ ቀለለ ይሄ ሽማግሌ፣ መቼ ነው እንዲህ የቀለለው። ከላይ ሰዉ አንድ ላይ ጮኸ፣ አገባን ወይ ገባብን፣ ቅዳሜ ያለ እሱ የሚሆነው ሁሉ እዚያ ላይ እየሆነ ነው፣ ይሁን።

መርቭ፣ ትላለች ሱጃታ ቀስ ብላ፣ ዛሬ የት ሜዳ ነን?

ቀላል ነው፣ ይላል መርቭ። ፈገግ ይላል። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ በሩን ያያል፣ ግድግዳውን፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ዳርሲ ዞሮ ጆሮውን ጠጋ ያደርግለታል፣ ይጠብቃል።

ዳርሲ መልሱን ያውቀዋል። እጁን አጥብቆ ይይዘዋል፣ አይነግረውም።