የአስራ ስምንት ካንዴላ ኩርፊያ

አሶሳ ውስጥ የታመመ ሞተር ካለ ፈንታ ከወፍጮ ቤቱ ሳይወጣ ያውቃል። የገበያው ጄኔሬተር ዘይት ሲያንሰው ጆሮው ይነግረዋል። ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ከጎረቤት ማንጎ እርሻ የሚመጣው የባቢከር የውሃ ሞተር ሳል ነው። «እሳት የሚጭረው ካንዴላ ጠቁሯል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» ይላል ለሚስቱ ለብዙወርቅ። ይላል እንጂ አይሄድም። ከባቢከር ጋር ከተኳረፉ አስራ አንድ ዓመታቸው ነው።

ያጣላቸው የመሬት ድንበር አይደለም፣ ከብትም አይደለም። አውሮፕላን ናት። በደርግ ጊዜ፣ ፈንታ ከወሎ በሰፈራ በመጣ በዓመቱ፣ ለሰፋሪው መድኃኒት የምታመጣ አንዲት አሮጌ አውሮፕላን ነበረች፤ ክንፏ ላይና ታች የተነባበረ፣ ሰው ግን እንደ ታክሲ በር ከፍቶ የሚሳፈርባት። ያኔ ፈንታ ካንዴላ አጣቢ፣ ባቢከር በአህያ ቤንዚን አመላላሽ ሆነው ተዋወቁ፤ ወንድማማች ሆኑ። ስንት ዘመን በፍቅር ኖረው አንድ ቀን ማንጎ ጥላ ሥር ፈንታ «ሞተሯ ባለ ዘጠኝ ሲሊንደር ነበር» አለ። ባቢከር «ሰባት» አለ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለም።

ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ተቀመጠ። ሦስቱንም ጊዜ ሁለቱም «መጀመሪያ እሱ ቁጥሬን ይመን» አሉ። ሽማግሌዎቹ ታከታቸውና ፈረዱ፤ እውነቱ የታወቀ ዕለት የተሳሳተው እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ በሌላው ደጃፍ ይቅርታ ይጠይቅ። እውነቱ ከሰማይ ካልወረደ በቀር አይታወቅም ብለው ነበር።

ዘንድሮ ጥር ላይ ወረደ። በአሮጌ አውሮፕላን አፍሪካን የሚያቋርጡ የውጭ አገር ባልና ሚስት ሞተራቸው ቢንተባተብባቸው አሶሳ አረፉ። አስተርጓሚያቸው ወንድምአገኝ ካንዴላ የሚያጥብ ባለሙያ ሲፈልግ ከተማው ሁሉ ወደ ፈንታ ጠቆመው። ፈንታ የመፍቻ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ሲደርስ የዚያችው ዓይነት ናት፤ ያው ድርብ ክንፍ፣ ያው በር። ከአየር ማረፊያው አጥር ወዲያ ባቢከር ጀለቢያውን ለብሶ ቆሟል። ዓይናቸው ሲጋጭ ሁለቱም ደመና የሚያዩ መሰሉ።

ፈንታ ሲሊንደሮቹን ቆጠረ። ሰባት። ከሌላ ጎን ጀምሮ ቆጠረ። አሁንም ሰባት።

«ከዚህች ዓይነት ባለ ዘጠኝ የለም እንዴ?» አለ በሹክሹክታ፣ ስለ ድሮዋ አውሮፕላን ነግሮት።

ወንድምአገኝ ሴትዮዋን ጠይቆ ተመለሰ። «ሞልቷል! ገላዋ አንድ ቢሆንም ፋብሪካው ገዢውን እንደ አቅሙ ሞተር ያስመርጠው ነበር። ባለ ሰባት ደካማው አለ፣ ባለ ሰባት ጉልበተኛው አለ፣ ለሀብታም ደግሞ ባለ ዘጠኝ። የእያንዳንዷ ስም ሦስት ፊደል ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል ሞተሩን ይናገራል። የእናንተዋ ፊደል ምን ነበር?»

ያኔ ማን ፊደል አየ! የፈንታ ነፍስ መለስ አለች። የእነሱዋ የሀብታም ነበረቻ፤ አለቀ።

ደስ ብሎት ካንዴላዎቹን ፈታ፤ ከየሲሊንደሩ ሁለት ሁለት። ቤንዚን ያለበት ጣሳ ውስጥ ጨመራቸው። ሴትዮዋ ከቆዳ ቦርሳዋ ሌሎች አውጥታ አብረህ እጠባቸው ብላ ጣል አደረገች። ፈንታ እንደ ልማዱ አጥቦ ጨርቅ ላይ ደረደረና ቆጠረ። አስራ ስምንት።

ያኔም አስራ ስምንት ነበሩ። ያኔም አብራሪው ከቆዳ ቦርሳው አራት መለዋወጫ አውጥቶ ጣሳው ውስጥ ጣል ያደርግ ነበር! ፈንታ የጣሳውን ለሁለት አካፍሎ ዘጠኝ አለ እንጂ ሞተሩን አንድም ቀን ቀና ብሎ አልቆጠረም። አጣቢ ምን ሊያደርግ ቀና ይላል?

ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዝም ቢል የሚረታው የለም፤ ዝም ቢል ግን ያ የውሃ ሞተር እስከ ዕለተ ሞቱ ሲያስልበት ሊኖር ነው። ባቢከር ናፍቆታል፤ እውነቱ ይኸው ነው።

አውሮፕላኗ እየዘመረች ከሄደች በኋላ ፈንታ ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ ያለቀ የወፍጮ ድንጋይ ትከሻው ላይ አወጣ።

«ምን ነካህ? አነስ ያለ አይበቃም?» አለች ብዙወርቅ።

«አስራ አንድ ዓመት በጠጠር አይወጣም።»

ባቢከር ደጃፍ ሲደርስ በላብ ተጠምቋል። «ሰባት ነበረች። ከካንዴላዎቹ አራቱ መለዋወጫ ነበሩ። ማረኝ ወንድሜ።»

«ወላሂ ወገብህ ይሰበራል! አውርድ፣ አውርድ!» ባቢከር ሮጦ ድንጋዩን አወረደለት። ከዚያ አጠገቡ ቁጭ አለ። «ፈንታ፣ እኔ መች ቆጠርኩ?»

«ምን አልክ?»

«እኔ ቤንዚን አራግፎ ሂያጅ። ያን ቀን ሁሉን አንተ ብቻ ታውቃለህ፤ ሞተር አንተ፣ ዝናብ አንተ፣ የእኔ ማንጎ እንኳ አንተ። ተናደድኩ። ዘጠኝ ስትል ሰባት አልኩ። ስምንት ብትል ስድስት ነበር የምለው።»

ፈንታ ተነስቶ ወደ ውሃው ሞተር ሄደ፤ ካንዴላውን ፈትቶ በሸሚዙ ጠርጎ መለሰው። ሞተሩ ሳሉን ተወ። ከዚያ ወደ ድንጋዩ ጠቆመ።

«በል ተሸከም። የእኔ ደጃፍ በዚያ በኩል ነው።»

ባቢከር ጀለቢያውን ሰብስቦ ተሸከመ። መንገዱ እኩሌታ ላይ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ፈንታ አንዱን ጫፍ ያዘለት።

«ከሠላሳ ኪሎ አያንስም» አለ ፈንታ እያለከለከ።

ባቢከር «ሃያ ስምንት» ሊል ምንም አልቀረውም።

«መጀመሪያ ይመዘን» አለ።