ገንዳው ሳይሞቅ ምጥ ገባ

ቅዳሜ ጠዋት ኪርስቲን ምጥ ሲጀምራት ቤቱ ባንድ እግሩ ቆመ። ባሏ ክሬግ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ለምን እንደወጣ ረስቶ መልሶ ይወጣል። አባቷ ሬይመንድ ደግሞ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ በቀጥታ ኩሽና ገብቶ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የውሃ ማሞቂያ ቦይለር ቸብ ቸብ አደረገው።

"በል እንግዲህ፣ ዛሬ እንዳታሳፍረኝ!" አለው።

ቢያናግረውም አይፈረድበትም፤ የገጠመው እሱ ራሱ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሀሊፋክስ ከተማ ውስጥ ቦይለር እየገጠመ የሰው ቤት ሲያሞቅ ኖሮ፣ ጡረታ ሊወጣ ሲል የመጨረሻውን ቦይለር ለልጁ የሠርግ ስጦታ አደረገላት። ታንከር ምናምን የለውም። ቧንቧ ሲከፈት እሳቱ ቦግ ይላል፣ ውሃው እዚያው እያለፈ ይሞቃል። "እኔ ብሞትም እሱ ይሠራል" እያለ ያልጎረረበት መጠጥ ቤት የለም።

ኪርስቲ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ሆስፒታል፣ ሃያ ስድስት ሰዓት አምጣ ነው። ያን ቀን አልረሳችውም። ሁለተኛውን ስታረግዝ፣ "ይኼን በቤቴ ነው የምወልደው፣ በሞቀ ውሃ ውስጥ!" ብላ ማለች። ክሬግም ሳሎን ውስጥ የሚዘረጋ፣ የሚነፋ የላስቲክ ገንዳ ገዛ። መስከረም ላይ ሞክረውት ነበር። አንዱን የውሃ ጎማ ከኩሽና ቧንቧ፣ ሌላውን ከፎቅ መታጠቢያ ቤት ስበው ሁለቱንም በኃይል ሲለቁት፣ ገንዳው በሃያ ደቂቃ ሞላ፤ ውሃውም ሙቅ ነበር። ሦስቱም አጨብጭበው ነበር።

አሁን ግን ጥር ነው፤ ጣሪያው ሁሉ በረዶ ለብሷል። ትልቁን ልጅ ወደ ክሬግ እናት ቤት ልከው፣ ሁለቱንም ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፍተው መሙላት ጀመሩ። ገንዳው ሲሶው ሲሞላ ሬይመንድ ጣቱን ነከረ።

"ግሩም! ሞቋል!"

ክሬግ ውሃው ላይ የምትንሳፈፈውን ቢጫ ዳክዬ አነሳ። ዳክዬዋ ሆዷ ላይ ቴርሞሜትር አላት። "ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ ነው የምትለው።"

"ዳክዬህ ተበላሽታለች።"

ክሬግ እጁን ነከረ። "ኧረ ሬይመንድ! ይኼ እኮ ለብ ያለ ነው! ምኑ ነው የሞቀው?"

ሬይመንድ ጣቱን ኮቱ ላይ ጠረገ። ዳክዬዋ አልተበላሸችም፤ የተበላሹት የሱ ጣቶች ናቸው። ስንት ዘመን ግድግዳ ሲበሳ በመሰርሰሪያው ተንቀጥቅጠው ተንቀጥቅጠው ደንዝዘዋል። ትኩስ ሻይም ቀዝቃዛ ቢራም ለነሱ አንድ ነው። ለማንም አልተናገረም። ኪርስቲ ካወቀች ሕፃኑን አታሳቅፈኝም ብሎ ፈርቶ፣ የእርግዝናዋን ወራት ሁሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ሸጉጦ ነው የከረመው።

አዋላጇ ንጎዚ ከጎን ክፍል ብቅ አለች። ዳክዬዋን አየች፣ ሁለቱን ወንዶች አየች።

"ሠላሳ ሰባት ሳይደርስ አላስገባትም። ሕፃኑ ይበርደዋል።"

"ስንት ጊዜ አለን?" አለ ክሬግ።

"እሱን ልጁን ጠይቀው! ግማሽ ሰዓት ከሰጣችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ካልሆነ አልጋው ላይ ትወልዳለች፤ አለቀ።"

ከግድግዳው ወዲያ ኪርስቲ አቃሰተች። "አባዬ! ውሃው ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም የኔ ዓለም! እየሞላ ነው!"

"አትዋሸኝ! ድምፅህ ያስታውቃል!"

ሬይመንድ ወደ ኩሽና ሮጠ።

"ሽፋኑን ይክፈቱትና ውስጡን ይዩታ!" አለ ክሬግ እየተከተለው።

"ጋዝ ነው እኮ! የሥራ ፈቃዴን ከመለስኩ ሦስት ዓመቴ፤ አንዲት ብሎን አልነካም። ከውጭ ሆኜ አገኘዋለሁ። አንተ ፎቅ ውጣና ጎማውን ያዝ!"

የግፊት መለኪያውን አየ፤ አንድ ተኩል፣ ደህና። የሙቀት ማዞሪያውን አየ፤ መጨረሻው ላይ ነው። በቦይለሩ ትንሽ መስኮት አጮለቀ፤ እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ይንቦገቦጋል። ቦይለሩ የሚያንጠባጥብበት ቀጭን ቱቦ በረዶ ይዞት እንደሆነ ብሎ በጓሮ በር ወጣ፤ ቱቦው ጠብ፣ ጠብ ይላል። እሱም ደህና! ሁሉም ደህና ከሆነ ውሃው ምን ነክቶት ነው?

"ሬይመንድ! ምን ሆናችሁ?" ጎረቤቷ ኤድና ናት፤ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ።

"ውሃው አልሞቅ አለን፤ ልጄ ምጥ ላይ ናት!"

"የሬይመንድ ቦይለር ተበላሸ? ኧረ ተው! ይኼንንማ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል!" አለችና የፈላ ውሃዋን በማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። አንዴ ገንዳው ውስጥ ገለበጠች፣ ተመልሳ አፍልታ ደገመች። ዳክዬዋ ንቅንቅ አላለችም።

"ሃያ ደቂቃ!" ብላ ጮኸች ንጎዚ።

ሬይመንድ ቦይለሩ ሥር ተንበረከከ። ሙቅ ውሃ የሚወጣበትን መዳብ ቱቦ ጨበጠ፤ ጣቶቹ ምንም አልነገሩትም። ግራ ቀኙን አየና ጉንጩን ቱቦው ላይ ለጠፈ። ለብ ያለ ነው። እሳቱ እንደዚያ እየነደደ ውሃው ለብ! ጉድ እኮ ነው!

ያን ጊዜ ፎቅ ላይ የክሬግ ጎማ ከቧንቧው ተስፈንጥሮ ወለሉን በውሃ ሞላው። ክሬግ እየተራገመ ቧንቧውን ዘጋ። ሬይመንድ ጉንጩን ገና አላነሳም ነበር።

"ዋይ! አቃጠለኝ!"

ጉንጩን ይዞ ዘሎ ተነሳ። ኤድና ማንቆርቆሪያዋን ልትጥል ምንም አልቀራት። እሱ ግን ቱቦውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ከዚያ ቤቱ እስኪናጋ ሳቀ።

"ክሬግ! እንዳትከፍተው! በናትህ እንዳትከፍተው! ቦይለሩ ደህና ነው፣ እኛ ነን የተበላሸነው!"

ክሬግ ርሶ ወረደ። "ምን ማለት ነው?"

"መስከረም ላይ የሚገባው ውሃ ቅዝቃዜው ቀላል ነበር። አሁን ግን ከበረዶ ሥር ነው የሚመጣው። ሁለቱን ቧንቧ ስንለቀው ውሃው እሳቱ ጋ ሳይቆይ እየሮጠ ያልፋል፣ በምን ጊዜው ይሙቅ! አርባ ዓመት ሙሉ ጥር በመጣ ቁጥር ለሰው በስልክ ስናገር የኖርኩት ነው፤ 'ቧንቧውን ቀነስ አድርጉት' እያልኩ! በገዛ ልጄ ቀን ይጥፋኝ?"

"ቸኩላችሁ ነዋ!" አለች ኤድና።

"ቸኩለን ነው!" አለና የኩሽናውን ቧንቧ እስከ ግማሽ ዘጋው። ከጎማው ጫፍ እንፋሎት ተነሳ። ክሬግ ዳክዬዋ ላይ አፈጠጠ።

"ሠላሳ አንድ! ሠላሳ ሦስት!"

"በርቺ ዳክዬዬ!" ኤድና እንደ ፈረስ እሽቅድምድም ትጮኻለች። "በርቺ የኔ ቆንጆ!"

"ሠላሳ አምስት! ስድስት! ሠላሳ ሰባት! ሞልቷል!"

ንጎዚ ኪርስቲን ደግፋ አስገባቻት። ኪርስቲ ውሃው ውስጥ ስትገባ "እፎይ!" ስትል ኩሽና ድረስ ተሰማ። ሬይመንድ ቧንቧውን ይዞ ቀረ። ንጎዚ "ጨምሩ" ስትል ይከፍታል፣ "በቃ" ስትል ይዘጋል። እንባው ይወርዳል፤ ኤድና እንዳላየች ሆና ሳህን ታጥባለች።

ከዚያ ያ ጩኸት መጣ። ቀጭን፣ የተቆጣ፣ ደህና የሆነ ጩኸት!

"እርስዎ አያቱ!" ተጣራች ንጎዚ። "ቧንቧውን ትተው ይምጡ!"

ኪርስቲ ሶፋው ላይ ናት፤ በፎጣ የተጠቀለለችውን ልጇን ታቅፋለች። ፊቷ በላብ ርሶ ያበራል።

"ሴት ናት። ና እቀፋት አባዬ።"

ሬይመንድ እጁን ኪሱ ከተተ። "እኔ... ጣቶቼ አይሰሙኝም ኪርስቲ። ከቆየ። ብጥላትስ?"

"አውቃለሁ።"

"ታውቂያለሽ?"

"የገና ዕለት ከምድጃ የወጣ መጥበሻ በባዶ እጅህ አንስተህ፣ እየቀለድክ ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ያላየሁ መሰለህ? እስክትነግረኝ ነው የጠበቅኩት። ቁጭ በልና ክንድህን ዘርጋ።"

ቁጭ አለ። ክንዱን ዘረጋ። ልጅቷን አስተኙለት። ክብደቷ ተሰማው፣ ሙቀቷ ግን እጁ ላይ ምንም የለም። ጎንበስ ብሎ የተቃጠለ ጉንጩን ግንባሯ ላይ አሳረፈ፤ ያንገበግባል። አላነሳውም።

"ሠላሳ ሰባት" አለ።