የጠፋው ክንፍና የሐብሐብ ውሃ

ረቡዕ ጠዋት አቶ ብዙነህ ሻንጣቸውን በሲባጎ አስረው በሩ አጠገብ አቆሙት። ዚፑ ደህና ነው፣ ቁልፉም ይሠራል። እሳቸው ግን ሠላሳ ዓመት በፖስታ ቤት የጥቅል ክፍል የሠሩ ሰው ናቸውና በሲባጎ ያልታሰረ ነገር ተዘግቷል ብለው አያምኑም። ምራታቸው ውባንቺ ከመኝታ ቤት ብቅ ስትል መጀመሪያ ሻንጣውን አየች፣ ቀጥሎ መሀሉ ላይ ባለ ሁለት ጆሮ የሆነችውን ቋጠሮ አየች። ሰውየው ቆርጠዋል ማለት ነው።

ትልቁ ልጃቸው መልከጸዴቅ ከሰዓት በኋላ መጥቶ እሱ ወደሚኖርበት ከተማ ወደ ኦበርን ሊወስዳቸው እንደሆነ ነገሯት። እዚያ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ግቢም አለው አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ኖሮ ውባንቺ መልስ አታጣም ነበር።

"ቁርስ ላቅርብ፣ ጋሼ?"

"ረቡዕ አይደለም እንዴ? ጾም ነኝ።"

ውባንቺ አፏ ላይ የደረሰውን መልስ ዋጠችው። ፋሲካ በዋለ በአራተኛው ቀን ጾም! ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕም ሆነ ዓርብ እንደማይጾም ያስተማሯት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። የሷን እጅ ላለመቅመስ ሲሉ አዲስ ጾም አወጁ። ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ሆዳቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት። የፋሲካው ቅቤ ውስጣቸው ተኝቶ አልነሳ ብሏል፤ ከሙቅ ውሃ በቀር በአፋቸው የዞረ ነገር የለም።

ነገሩ የመጣው እሁድ ነው። ውባንቺ እናቷን ሳታውቅ ያደገች ልጅ ናት። ሽንኩርት መክተፍ የተማረችው ተከራይ ሴቶች ሲከትፉ በበር ቀዳዳ አይታ ነው፤ ዶሮ መገነጣጠል ደግሞ እዚሁ ውጭ አገር፣ ቢከን ሂል ሰፈር፣ ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ፣ ቪዲዮ እያቆመች። ሁለት ዶሮ አበላሽታ በሦስተኛው አሥራ ሁለት ብልት አወጣች። ይህን ሁሉ የለፋችው የባሏ አክስት እትዬ ሮማነወርቅ በሽምግልናው ቀን፣ "እናት ያላሳደገቻት ልጅ ዶሮ ከየት ታውቃለች?" ስላሉ ነበር። ስሟን አልጠሩም፤ ግን ውባንቺ የሰማችውን አትረሳም። ስለዚህ ለፋሲካ ሌሊት ሁሉም በእትዬ ሮማነወርቅ ቤት ሲገድፉ፣ እሁድ ማታ ግን የኔን ዶሮ ትበላላችሁ ብላ ጠራቻቸው።

እትዬ ሮማነወርቅ መጡ፤ ጭልፋውን ከእጇ ተቀብለው እንደ ዳኛ ድስቱ ላይ ቆሙ። ሁለት ቅልጥም፣ ሁለት ታፋ እያሉ ቆጠሩ፣ ፈረሰኛውን አገኙ፣ አንገቱን አገኙ። "ክንፎቹስ?" አሉ።

ከጥግ ወንበር የአቶ ብዙነህ ድምፅ መጣ። "እኔ ነኝ። ቀደም ብዬ ሁለቱንም በላኋቸው።"

የውባንቺ ጆሮ ጋለ። እንግዳ ሳይቀርብ ድስት ተከፍቶ! ያን ሁሉ ልፋቷን በክንፍ ሸጡባት። "ጋሼ፣ የሃምሳ አምስቱን ቀን በአንድ ቀን ሊያካክሱት ነው እንዴ?" አለች። "እኔ እናት ባታሳድገኝም እንግዳ ሳይቀመጥ ድስት አልከፍትም።"

እንግዳው ሳቀ። ባሏ ቴዲ ብቻ አልሳቀም። አቶ ብዙነህ ከሁሉም ጋር አብረው ሳቁ፤ ከዚያም ከጠዋት ጀምሮ በሦስት ቤት "በሞቴ" እየተባሉ የጎረሱ ሰው፣ እንደገና ቀርበው የተሰጣቸውን ሁሉ እንደ ሆዳም በሉ። በልተው ሲያበቁ እጃቸውን ታጥበው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ሰኞ ውባንቺ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ካለው ሆቴል ከቁርስ ሥራዋ ስትመለስ፣ ሰፈራቸው ባቡር ጣቢያ ሊፍት በር ላይ ማንም አልቆመም። ከአገር ቤት ከመጡ ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ አቶ ብዙነህ ዝናብም ቢሆን ኮፍያቸውን አድርገው እዚያ ይጠብቋታል፤ ቦርሳዋን ይቀበሏታል፤ ዳገቱን ስለ ምንም ነገር እያወሩ ይወጣሉ። በሃያ ስድስት ዓመቷ ከሥራም ከትምህርት ቤትም ስትወጣ ጠብቋት የሚያውቅ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይህን ነግራቸው አታውቅም። ሰኞ ሊፍቱ ሦስት ጊዜ ሲወርድና ሲወጣ ቆማ አየች፤ ማክሰኞ ሳትቆም ሄደች።

እና ዛሬ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ ሻንጣው በሩ ላይ ነው። ይቅርታ ማለት ለውባንቺ ጥርስ እንደመነቀል ነው። ደግሞ በምን አግባብ? ድስት የከፈቱት እሳቸው! ግን የሚሄዱ ከሆነ ሆዳቸው ተነፍቶ እንዲሄዱ አትፈልግም። ለዚህም ይቅርታ አያስፈልግም፤ ፍራፍሬ ይበቃል።

ተልባ አሰበች፤ እሱ የሚጠጣው ከመብላት በፊት ነው፣ አሁን ጅብ ከሄደ ነው። አቮካዶ ያለበት ጭማቂም አሰበች፤ እሱ ራሱ ምሳ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሐብሐብ ነበር። ዝንጅብል ቀጥቅጣ በፈላ ውሃ ዘፈዘፈችና ክዳን ደፋችበት። ሐብሐቡን ቆርጣ ፍሬውን አወጣች። መፍጫው እንዳይጮህ ብላ ተወችው፤ አቶ ብዙነህ ክፍላቸው ጋደም ብለዋል። በእጇ ጨምቃ በወንፊት አወረደችው። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ገለባ ስትቀምሰው ምንም ጣዕም አልነበረውም፤ ጣዕሙ ሁሉ ወርዷል። የቀዘቀዘውን የዝንጅብል ውሃ ጨመረች፣ ሁለት ሎሚ ጨመቀች፣ መስኮቱ ላይ ከበቀለው ናና አምስት ቅጠል በጣቷ አሽታ ጣለች። ስኳር የለም። ጨው ግን በጥፍሯ ጫፍ። ቀመሰችው። እንደ ውሃ የሚወርድ፣ መጨረሻው ላይ ብቻ አንገት የሚያሞቅ ነገር ሆነ። በረዶ ቀረው።

ፍሪዘሩን ከፍታ እጇን ወደ በረዶው ትሪ ሰደደች። ከትሪው ሥር ጣቷ አንድ ጥቅል ነካ። አወጣችው። በፎይል የተጠቀለለ፣ በሲባጎ የታሰረ፣ መሀሉ ላይ ባለ ሁለት ጆሮ ቋጠሮ።

ሳትፈታውም አወቀችው። ቢሆንም ፈታችው። አንድ ጥሬ የዶሮ ክንፍ፣ በሎሚ የታጠበ፣ ነጭ።

ውባንቺ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቅዳሜ ዕለት ብልቱን በሎሚና በጨው ስታጥብ ውሃውን በዚሁ ወንፊት አጥልላ፣ ወንፊቱን መታጠቢያው ውስጥ ደፍታው ነበር። ክንፉ ከሥሩ ቀርቷል። እሁድ ጠዋት እሷ ሥራ ስትሄድ ዕቃ ያጠቡት አቶ ብዙነህ ናቸው። ወጡ ደርሷል፣ ጥሬ ሥጋ አይገባበትም። አንዱን ክንፍ ደብቀው ሌላውን ከድስቱ አውጥተው በሉ፤ አንድ ክንፍ ያላት ዶሮ ከምትቀርብ ክንፍ የሌላት ትቅረብ፣ ሆዳም ሽማግሌ ይገኝ። እሷ ደግሞ ያንን ሽማግሌ በሰው ፊት ሆዳም አለቻቸው።

ሲባጎውን ሳትበጥስ ጠቀለለችው። ብርጭቆውን ሞልታ፣ በረዶ ጨምራ፣ ክንፉን በፎይሉ አጠገቡ አስቀምጣ፣ ትሪውን ይዛ ወደ ክፍላቸው ገባች።

አቶ ብዙነህ ቀና ብለው ተቀመጡ። "ጾም ነኝ አላልኩሽም?" ብለው ጀመሩና ትሪው ላይ ያለውን ሲያዩ አቆሙ። ለረጅም ጊዜ ክንፉን ተመለከቱ፣ ከእጁ ያመለጠ ሌባ እንደሚመለከት ዘበኛ።

"ዛሬ ይዤው ልወጣ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ረሳሁት።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"መቼ? እሁድ ከሥራ ስትመጪ እግርሽ አብጦ ጫማሽን ማውለቅ አቅቶሽ ነበር። ደስ ብሎሽም ነበር።" ብርጭቆውን አልነኩም። "እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ቢሳቅብኝ ምን እሆናለሁ?"

"ከሆነማ ለምን ይሄዳሉ?"

አቶ ብዙነህ ዓይናቸውን ወደ ክንፉ መለሱ። የጎዳቸው የሌላው ሰው ሳቅ ሳይሆን የእሷ ቃል ነው፤ ውባንቺ ይህን ለማወቅ ትምህርት አላስፈለጋትም። ይቅርታ የሚለውን ቃል ፈልጋ አጣችው። ስልኳን አወጣች። ለእትዬ ሮማነወርቅ ደወለች፣ ድምፁንም ከፍ አደረገችው።

"ተይ" አሉ አቶ ብዙነህ። "ተይ፣ ውቤ፣ እሁድ ሳይደርስ ደብሩ ሁሉ ይሰማዋል።"

"ይስማ።" ስልኩ ተነሳ። "እትዬ፣ የእሁዱ ዶሮ አሥራ አንድ ብልት ነበር። አንዱን ክንፍ እኔ ነኝ ወንፊት ሥር የረሳሁት። ጋሼ አልሰረቁም፤ እኔን ሸፍነው ነው። በሰው ፊት የተናገርኩትን በሰው ፊት እመልሰዋለሁ፤ እስከዚያው እርስዎ ይስሙልኝ።"

ውባንቺ ዓይኗን ጨፍና የሚመጣውን ጠበቀች።

"እኔማ ገርሞኝ ነበር" አሉ እትዬ ሮማነወርቅ። "ብዙነህ ክንፍ አይወድም። ነፍሷን ይማርና እህቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ስታቀርብለት አንድ ቀን አልነካውም።" ቀጥለውም፣ "ወጡ ግን ወጥ ነበር።" ከዚህ በላይ ከአፋቸው የሚወጣ ምስጋና እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ስልኩ ተዘጋ።

ውባንቺ ዓይኗን ስትከፍት አቶ ብዙነህ ብርጭቆውን አንስተው ነበር። በዝግታ ጠጡ፣ እያቆሙ፣ ሆዳቸውን እያዳመጡ። ግማሹን ሲያደርሱ ከስር የመጣች ግሳት አመለጠቻቸውና አፍረው በእጃቸው ሸፈኗት። ሦስት ቀን ሙሉ አልወጣ ያለችው እሷ ነበረች።

"ጨው አነሰው" አሉ።

"ክንፍ ለሚሰርቅ ይበቃዋል" አለች ውባንቺ፣ ከዚያም ድምፏን ዝቅ አድርጋ ጨመረች። "ጋሼ፣ ሰኞ ሊፍቱ ጋ ቆሜ ጠብቄዎታለሁ።"

አቶ ብዙነህ ናናውን ብርጭቆው ውስጥ ሲያዞሩ ቆዩ።

መልከጸዴቅ አሥር ሰዓት ሲሆን የመኪና ቁልፉን እያንቀጨለጨለ ገባ። "ሶ አባባ፣ እንሂድ፤ መኪናውን መንገድ ላይ ነው ፓርክ ያደረግኩት" አለ። አባቱ መጀመሪያ እንዲጠጣ አዘዙትና ውባንቺ ቀዳችለት። እሱ ቆሞ ሲጠጣ አቶ ብዙነህ ሻንጣው አጠገብ በርከክ አሉ። ቋጠሮውን በጥፍራቸው ፈቱት፤ ሲባጎ አይቆረጥም። እያራዘሙ በአራት ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት፣ ኪሳቸው ውስጥም ከተቱት።

መልከጸዴቅ ከአባቱ ወደ ውባንቺ፣ ከውባንቺ ወደ ሻንጣው አየ። "አይሄዱም እንዴ?"

"ጾም ላይ ነኝ፤ በጾም መንገድ አይከብደኝም?" አሉ አቶ ብዙነህ። ውባንቺ ስለ ሃምሳው ቀን ምንም አልተነፈሰችም። እሳቸው ባዶውን ብርጭቆ ሰጧትና፣ ዓይናቸው ሌላ ቦታ ሆኖ፣ "ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?" አሏት።

"እንደ ሁልጊዜው፣ ጋሼ።"